ስልኬ ሲሰደብ ለምን እኔን ያመኛል?

ባለፈው እትም «ዓለም ሁሉ ከሚያውቃቸው ብራንዶች ጋር ያላችሁን ነገር ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። የጠበቅሁት ስለ ጥራትና ስለ ዋስትና የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። የመጣልኝ ግን አብዛኛው የፍቅር ደብዳቤ ነው፤ የቀረው ደግሞ የፍቺ ማመልከቻ። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፦ ይህን አምድ ከመያዜ በፊት 12 ዓመት የማስታወቂያ ጽሑፍ ጽፌ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። በመልሶቼ መሐል ኑዛዜ የሚመስል ነገር ካያችሁ አይግረማችሁ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ የተማርኩ፣ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ። ከኮሌጅ ጀምሮ የአንድ ኩባንያ ስልክ ብቻ ነው የምይዘው። በቀደም የሥራ ባልደረባዬ ስልኬን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ እያገላበጠ ‹ይሄን አሁንም የሚገዛ ሰው አለ?› አለ። ስቄ ማለፍ ስችል ፊቴ ጋለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ ተከራከርኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳ ሳልመልስለት የቀረሁትን መልስ ሳብሰለስል ባለቤቴ ‹ኩባንያው ደመወዝ ይከፍልሃል እንዴ?› አለችኝ። ምን ነክቶኝ ነው?» — ያልተቀጠረው ጠበቃ

መልስ፦ ባለቤትህ ነገሩን ጨርሳዋለች። ለእኔ የቀረልኝ ያለ ደመወዝ ለምን እንደሠራህ መናገር ነው።

ራስል ቤልክ የሚባል አሜሪካዊ የሸማቾች ባሕርይ ተመራማሪ በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ «የእኔ» የምንለው ዕቃ ውሎ አድሮ «እኔ» የምንለው ውስጥ እንደሚገባ አሳየ። ቤቱ የተዘረፈን ሰው አስበው። ያዘነው ለዕቃው ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ሲተካለት ሐዘኑ ባበቃ ነበር። አያበቃም፤ ሁሉም ነገር ከተተካለት በኋላም ገላውን በባዕድ እጅ የዳሰሱት ያህል ይቀፈዋል።

አንተ ያንን ማርካ ከኮሌጅ ጀምረህ ይዘኸዋል። «ሥራውን አግኝተሃል» የተባልክበት፣ ሌሊት ሌሊት ከወደድካት ልጅ ጋር ያወራህበት፣ የሞተ ሰው ድምፅ ሳታጠፋ ያስቀመጥክበት ሳይሆን አይቀርም። ከእነዚህ አንዱንም ኩባንያው አልሠራልህም። እሱ የሠራው ምልክቱን ነው፤ ምልክቱን በትርጉም የሞላኸው አንተ ነህ። ባልደረባህ ከጠረጴዛው ላይ ያነሣው ስልክ መስሎታል፤ ያገላበጠው ግን አሥራ ምናምን ዓመትህን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። ማስታወቂያ ቤት ሳለሁ «ከኮካ ውጪ ጉሮሮዬ አይወርድም፣ ፔፕሲን በጠረኑ አውቀዋለሁ» እያልኩ የምፎክር ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ባልደረቦቼ ሰለቻቸውና ሁለት ነጭ የወረቀት ኩባያ አቀረቡልኝ፤ በእርሳስ «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ቀመስኩ፤ ውኃ ተጉመጥምጬ ደግሜ ቀመስኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቀመስኩ። ከዚያ እንደ ዳኛ ተቀምጬ «ለ» አልኩ። የታጠፈችው ወረቀት ተገልጣ ስትነበብ «ለ» ፔፕሲ ናት። ምን ብዬ መለስኩ መሰለህ? «ኩባያዎቹን ቀያይራችኋቸዋል!» እስከ ዛሬ ድረስ የቀያየሩብኝ ይመስለኛል።

የእኔ ምላስ ብቻ እንዳይመስልህ። ሂዩስተን በሚገኘው የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ የተመራና በ2004 የታተመ ጥናት 67 ሰዎችን በእነዚሁ ሁለት መጠጦች ፈተነ። ስሙ ሳይነገራቸው ሲጠጡ ምርጫቸው ለሁለት ተከፈለ። የኮካ ምልክት ሲታያቸው ግን ወደዚያው አዘነበሉ፤ አንጎላቸውን ሲቃኝ በነበረው መሣሪያም ከትዝታ ጋር የተያያዘው ክፍል ሲነቃ ታየ። የፔፕሲ ምልክት ይህን አላደረገም። በኩባያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያው ነው፤ አብሮት የሚጠጣው ነገር ነው የተለየው።

የኮካ ኩባንያ ራሱ ይህን የተማረው በውርደት ነው። በ1985 የቆየውን ጣዕም ጥሎ አዲስ ሲያወጣ በደመ ነፍስ አልነበረም፤ ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎችን አስቀምሶ ብዙዎቹ አዲሱን መርጠውለት ነበር። ሚያዝያ 23 አስተዋወቀ። ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። በፊት በቀን 400 ሰው ይደውልበት የነበረው መስመር በሰኔ ወር 1,500 ደረሰ። ሐምሌ 11፣ በ79ኛው ቀን፣ የድሮው ጣዕም ተመለሰ። ያን ሁሉ ሰው ሲያስቀምሱ «የድሮው ቢቀር ምን ይሰማሃል?» የሚለውን ጥያቄ በሚገባ የመዘነው ሰው አልነበረም።

በእኛም በኩል፣ በማስታወቂያ ሠሪዎቹ ማለቴ ነው፣ ይህ ትስስር ለዕድል አይተውም። ገዢዎችን ስምንት ስምንት አድርገን በክፍል ሰብስበን «ይህ ሳሙና ሰው ቢሆን ማን ይሆን ነበር?» ብለን እንጠይቅ ነበር። ሰው የሚስቅብን ይመስለኝ ነበር፤ አይስቅም። አንዲት ሴት አንድ ጊዜ ሳሙናውን በመዳፏ ይዛ ትንሽ አሰበችና «ታላቅ እህቴ ናት። አታሞግሰኝም፤ ግን ሁልጊዜ አለች» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ያንን በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ በሁለተኛው ወር ማስታወቂያችን ውስጥ ታላቅ እህት ገባች፤ ሽያጩም ወጣ። ያቺ ሴት የሰጠችን ነገር ምን ያህል ውድ እንደነበረ የገባኝ ከሥራው ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ጄኒፈር አከር የተባለች ተመራማሪ በ1997 ሰዎች ለብራንድ የሚሰጡትን ጠባይ ስትለካ አምስት ዘርፍ አገኘች፦ ቅንነት፣ ሞቅታ፣ ብቃት፣ ሥልጡንነትና ወጣ ገባውን የሚችል ጠንካራነት። ለሰው የምንሰጣቸው ጠባዮች መሆናቸውን ልብ በል።

ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ትላለህ? ስለ ካሜራው ከሆነ ተከራከር። ፊትህ መጋል ሲጀምር ግን ወሬው ከካሜራው እንዳለፈ ዕወቅና «ለምጄው ነው» በለው። ይህችን መልስ የሚረታ ተከራካሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ምልክት የሌለው ጫማ ገዛሁላት፤ ቆዳውም ስፌቱም ምንም አይወጣለትም። አንድ ቀን ብቻ አድርጋው ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውልቃ አልጋ ሥር ከተተችው። ‹ምን አሉሽ?› ስላት ‹ምንም አላሉኝም እማዬ፤ ግን ሁሉም አዩት› አለችኝ። ያ ታዋቂ ምልክት ያለበት ካልሆነ አላደርግም ብላለች። በዚህ ዕድሜዋ የስም ባሪያ እንዳትሆን ምን ልበላት?» — እናቷ

መልስ፦ እመቤቴ፣ «ምንም አላሉኝም፤ ግን ሁሉም አዩት» የሚለውን የልጅዎን ቃል ጽፌ ከጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌዋለሁ። በ12 ዓመት ውስጥ ይህን የሚያህል ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም።

መጀመሪያ ልጅዎ ብቻዋን እንዳልሆነች ልንገርዎ። ጀርመን ውስጥ ሄርትሶገንአውራህ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሁለት ወንድማማቾች፣ አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር፣ በአንድ ላይ ጫማ ይሠሩባት ነበር። ተጣሉ። ሩዶልፍ በ1948 ፑማን አቋቋመ፤ አዶልፍ በ1949 አዲዳስን በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ ሠራተኛው፣ ቤተሰቡ፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሳይቀር። ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት የሌላውን ጫማ ስለሚያይ ከተማዋ «ያጎነበሱ አንገቶች ከተማ» የሚል ቅጽል ወጣላት። እኛ «አንገቱን የደፋ» ስንል ጨዋ ሰው ማለታችን ነው፤ እዚያ ግን ጫማ መርማሪ ማለት ነበር። የሁለቱ ኩባንያዎች ሠራተኞች እርቅ ብለው አብረው ኳስ የተጫወቱት በ2009 ነው። እነዚህ የቤትና የልጅ ኃላፊዎች፣ ጎልማሶች ናቸው። ልጅዎ ገና 14 ዓመቷ ነው።

ዕድሜዋ ራሱ መልሱን ይዟል። ላን ንጉየን ቻፕሊንና ዴቦራ ሮደር ጆን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት ልጆች «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን በሥዕልና በቃል ቅንጥብጣቢ ወረቀት ላይ እየለጠፉ እንዲመልሱ አደረጉ። ትንንሾቹ ብራንድ ሲለጥፉ ስላላቸው ወይም ስለሚያውቁት ነው። ወደ 12 እና 13 ዓመት የደረሱት ግን ምልክቱን እንደ ጠባይ መግለጫ ይጠቀሙበት ጀመር፤ ይህን የሚያደርግ ሰው እንዲህ ያለ ነው፣ እኔም እንዲህ ያለሁ ነኝ እንደማለት። ስለዚህ ልጅዎ ጫማ አልጠየቀችዎትም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ስለ ራሷ ብዙ ሳታወራ እንዲያውቋት የሚያደርግ አንድ ቃል ነው የፈለገችው፤ እግሯ ላይ ያለ ቃል።

ምክርና ተግሣጽ እዚህ ላይ ብዙም አይሠራም፤ በተለይ «እኛ በልጅነታችን» ብሎ የሚጀምረው። እኔ በልጅነቴ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎት? ነጭ ሸራ ጫማዬ ጎን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንደ አዲዳስ ሦስት መስመር አሠመርኩ። ከሩቅ ሲታይ ጥሩ ነበር፤ ለአራት ቀን ያህል ኮርቼ ሄድኩበት። በአምስተኛው ቀን ዝናብ መታኝ። ጫማው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ካልሲዬና የእግሬ ጣቶች ግን ለሳምንት ሰማያዊ ነበሩ። ያንን ጫማ ማንም ኦሪጅናል መስሎት አያውቅም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ያም ሆኖ አሠመርኩ።

የሚሠራውን እነዚያው ሁለት ተመራማሪዎች ጠቁመዋል፤ እኔንም ያስገረመኝ እሱ ነው። በ2007 ባወጡት ሌላ ጥናት ለልጆቹ በወረቀት ሳህን ላይ እኩዮቻቸው ስለ እነሱ የጻፉትን መልካም መልካም ቃል ሰጧቸው። ያንን አንብበው ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለላቸው ታዳጊዎች፣ ደስ የሚያሰኛቸውን ሲጠየቁ የዕቃው ድርሻ ቀነሰ። ቃሉ የመጣው ከእናትና ከአስተማሪ ሳይሆን ከእኩያ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። በሚያውቋት ልጆች መሐል የምትታይበት ሌላ ነገር፣ ስፖርትም ይሁን ሙዚቃ ወይም ሒሳብ፣ ካላት ምልክቱ የሚሸከመው ጭነት ይቀላል።

ጫማውን ይግዙላት ወይስ አይግዙላት? አቅም ካለ አንዱን ይግዙላት፤ በዓመት አንድ ነገር ራሷ ትምረጥ፤ ግን ምርጫው በሌላ ነገር ላይ ምን እንደሚያሳጣት አብራችሁ አስሉት። ሲገዙላትም ስለዚያ ምልክት አንድ ታሪክ ይንገሯት። የናይኪን ምልክት በ1971 የሣለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ ናት፤ የተከፈላት 35 ዶላር ነው። ከናይኪ መሥራቾች አንዱ የሆነው ፊል ናይት መጀመሪያ ሲያየው አልወደደውም፤ ሲቆይ ይለመደኛል ብሎ ነው የተቀበለው። ምልክቱ ያኔም አሁንም ያው ጭረት ነው። ከ1971 ወዲህ የሮጡበት እግሮችና የተመለከቱት ዓይኖች ናቸው ትርጉሙን የለወጡት። የ14 ዓመት ልጅ ይህ ይገባታል፤ ባይገባትም ለጓደኞቿ የምትነግረው ወሬ ይሆናታል።

ያ ከአልጋ ሥር ያለው ጫማ ደግሞ እንዳይጣል። ከስድስት ወር በኋላ እሑድ እሑድ አድርጋው ሊያገኟት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «የያዝኩት ቦርሳ ፎርጅድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የነቃብኝ ሰው የለም። ባለፈው ግን አንዲት የማላውቃት ሴት ‹የየትኛው ዓመት ሞዴል ነው?› ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። አሁን ልይዘውም ልጥለውም አልቻልኩም።» — ላቧ ያልደረቀላት

መልስ፦ ያቺ ሴት የእሷም ፎርጅድ ሊሆን እንደሚችል አስበሻል?

አንድ ነገር ልንገርሽና ራስሽ ወስኚ። ሃን፣ ኑነስና ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት የቅንጡ ቦርሳዎችን ዋጋ ከአርማቸው ትልቀት ጋር ሲያነጻጽሩ ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ሆነ፤ ዋጋው እየናረ ሲሄድ አርማው እየደበዘዘ ይሄዳል። ገንዘቡ ሞልቶ የተረፋቸው ሰዎች በስፌቱና በመቆለፊያው ይተዋወቃሉ። ፎርጅድ ሠሪው የሚቀዳው ደግሞ ጮክ ብሎ የሚናገረውን ነው፤ የዝምታውን ቦርሳ ቢቀዳው ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ያ ትልቅ አርማ «ሀብታም ነኝ» ከሚለው ይልቅ «ሀብታም ብሆን» የሚለውን ነው የሚናገረው፤ ኦሪጅናሉም ቢሆን።

ቦርሳው ዕቃሽን የሚይዝልሽ ከሆነ ያዥው። የሚያልብሽ ከሆነ ግን አንቺ ነሽ የተሸከምሽው።

ጥያቄ፦ «እኔ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የየት አገር እንደሆነ የማጣራ ሰው ነኝ። የማከብረው አገር አለ፣ የማኮርፈው አገር አለ። በቅርቡ ግን ጎረቤቴ ‹የምታወራው ሁሉ የድሮ ነው፤ ኩባንያዎቹ ተሸጠዋል› አለኝ። እውነት ከሆነ በምን ልምረጥ?» — አጣሪው

መልስ፦ ጎረቤትዎ ልክ ነው፤ ያውም አለሳልሶ ነው የነገረዎት። የስዊድኑ ቮልቮ መኪና ከ2010 ጀምሮ ባለቤቱ ጂሊ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ከዚያ በፊት የአሜሪካው ፎርድ ነበር። የእንግሊዝ ኩራት የሚባሉት ጃጓርና ላንድሮቨር በ2008 ለሕንዱ ታታ ተሸጡ፤ የሸጠውም ያው ፎርድ ነው።

ይህ የተሸጠው ነው። ሲወለድም አገሩን የዋሸ አለ። ሃገን ዳዝ የሚባለውን አይስክሬም ስሙን ሲሰሙ ዴንማርክ ወይም አንድ የሚበርድ አገር ይታይዎታል። ያቋቋሙት በ1960 ገደማ ኒውዮርክ ይኖሩ የነበሩት ሩበንና ሮዝ ማተስ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ስሙ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ (Häagen-Dazs) በአንዱ ፊደል ላይ ያሉት ሁለት ነጠብጣቦችም በዴንማርክኛ ጽሕፈት እንዲያ ሆነው አይገኙም። ቃሉ የተፈጠረው እርስዎን ለመሰለ አጣሪ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና።

የእኔ ተወዳጅ ግን ባታ ጫማ ነው። በ1894 ዝሊን በምትባል ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለች ከተማ ተቋቋመ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሁን ስዊዘርላንድ ነው። ብዙ አገር ሰው ግን፣ በተለይ ሕንድ ውስጥ፣ «የእኛው ነው» ይላል። ፋብሪካው እዚያው፣ ሠራተኛው እዚያው፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ጫማ እሱ፤ ከዚህ በኋላ የመዝገብ ወረቀት ማን ያገላብጣል?

በ2004 ዳግላስ ሆልት፣ ጆን ኩዌልችና ኧርል ቴይለር በ12 አገሮች 1,800 ሰዎችን ጠይቀው ዓለም አቀፍ ብራንድን የሚያስመርጠው ምን እንደሆነ አሰሉ። ትልቁ፣ 44 ከመቶውን የያዘው፣ «ዓለም ሁሉ የሚገዛው ከሆነ ጥሩ ነው» የሚለው የጥራት ግምት ነው። «እኔም የዓለሙ አካል ነኝ» የሚለው ስሜት 12 ከመቶ፣ የኩባንያው ማኅበራዊ ኃላፊነት 8 ከመቶ ያዙ። ብዙ የሚወራለት የአሜሪካዊነት ነገር ሲለካ የተባለውን ያህል አልሆነም። ማኩረፍዎን አልከለክልም፤ ማን ላይ እንዳኮረፉ ግን በየአምስት ዓመቱ ማደስ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ «እናቴ ለ30 ዓመት የተጠቀመችበት ሻንጣ ነበራት። ያንኑ ስም ሱቅ ውስጥ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሳላገላብጥ ገዛሁት። በሁለተኛው ጉዞ ጎማው ወለቀ። ዕቃው ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ እኔን ያናደደኝ ግን እናቴን የከዷት ያህል ስለተሰማኝ ነው። አበዛሁት?» — የሻንጣዋ ወራሽ

መልስ፦ አላበዛሽውም። የኩባንያውን ስም ከደብዳቤሽ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ሻንጣውን ክፈቺና ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቢ። በትልቁ የተጻፈው ስምና በትንሹ የተጻፈው አምራች አንድ ናቸው? ብዙ ጊዜ አይደሉም። ስም እንደ ቤት ይሸጣል፤ እንደ ቤትም ይከራያል።

ኖኪያን ተመልከቺ። በ1865 በወረቀት ፋብሪካነት የተጀመረ የፊንላንድ ኩባንያ ነው፤ የሞባይል ሥራውን በ2014 ለማይክሮሶፍት አስረከበ። ከ2016 በኋላ ስሙን የያዙትን ስልኮች በፈቃድ ያወጣ የነበረው ኤችኤምዲ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ በውል የተደረገና በግልጽ የተነገረ ነው። ሰው ግን ሱቅ የሚገባው ውል ለማንበብ አይደለም።

በእኔም ደርሶብኛል። አባቴ የፊሊፕስ ሬዲዮ ነበረው። ስሙ የተጻፈባት የብረት ሰሌዳ ከፊት ለፊቱ ወልቃ ወደቀችና አባቴ በማጣበቂያ መለሳት፤ ትንሽ ተንጋዳ ተጣበቀች። ማታ ማታ ዜና ሲያዳምጥ በአውራ ጣቱ ያቺን የተንጋደደች ሰሌዳ ወደ ቀጥታ ይገፋት ነበር፤ አትንቀሳቀስም፤ እሱም አይተውም። ሲሞት ሬዲዮውን ታላቅ እህቴ ወሰደች። ከዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን ልገዛ ሄጄ ያንን ስም ሳይ ከአምስቱ አቻዎቹ ጋር እንኳ አላወዳደርኩትም። ቤት አድርሼ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳነብ የሠራው ስሙን በፈቃድ የሚጠቀም ድርጅት ነው፤ ፊሊፕስ የቴሌቪዥን ሥራውን ለጋራ ኩባንያ ያስተላለፈው በ2012 ነበር። ቴሌቪዥኑ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እኔ ግን የሄድኩት የአባቴን አውራ ጣት ልገዛ ነበር፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይሸጥም።

ተቃራኒውንም ልንገርሽ። ፎቶውን ወዲያው አትሞ የሚተፋው ፖላሮይድ ካሜራ ኩባንያው በ2001 ከሰረ፤ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በ2008 ፊልሙን ማምረት አቆመ። ያኔ ጥቂት የቀድሞ ሠራተኞችና ወዳጆቹ ኔዘርላንድስ፣ ኤንስሄደ ውስጥ የነበረውን የመጨረሻውን ፋብሪካ መሣሪያ ገዝተው ፊልሙን እንደ አዲስ ለመሥራት ተነሡ። ስሙ በእጃቸው አልነበረም፤ ማሽኑ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ቀለማቸው ይጠፋ፣ ምስሉም ይደበዝዝ ነበር፤ ሰዎች እየገዙ ታገሡ። በ2017 የዚያ ፋብሪካ ትልቁ ባለአክሲዮን ስሙን ራሱን ገዛው። ስሙ ሰው ወዳለበት ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

የእናትሽ አሮጌ ሻንጣ አሁንም ካለ ግን ጥሩ ቆዳ ሰፊ ፈልጊለት። አዲሱን ይዘሽው ሂጂና ጎማ ያስገቡልሽ፤ ደረሰኝ ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሻጩ።

ጥያቄ፦ «ከወንድሜ ጋር ተወራርደናል። እኔ ‹ፓምፐርስ የዕቃው ስም ነው› እላለሁ፤ እሱ ‹የአንድ ኩባንያ ስም ነው› ይላል። የተሸነፈው ለአንድ ወር ሌሊት ይነሣል፤ ሁለታችንም ጨቅላ አለን።» — እንቅልፍ ያማረው

መልስ፦ ወንድምህ በሕግ አሸንፏል። ፓምፐርስ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሚባለው ኩባንያ በ1961 ያወጣው የንግድ ምልክት ነው። በአፍ ግን አንተ አሸንፈሃል፤ ሌላውንም ማርካ እየገዛን «ፓምፐርስ» ነው የምንለው። ይህ ለኩባንያው ሙገሳም ፍርሃትም ነው። ቴርሞስ የሚለው ቃል በ1963 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሁሉም ሰው ቃል ሆኗል ተብሎ ተፈርዷል፤ ኤስካሌተርም (ተንቀሳቃሹ ደረጃ) በ1950 ከኦቲስ ኩባንያ እጅ ወጥቷል። ፓምፐርስ ገና አልወጣም። ስለዚህ አሥራ አምስት ሌሊት አንተ፣ አሥራ አምስት ሌሊት እሱ። የመጀመሪያዎቹን አንተ ተነሣ።